«ውድቀት» የተባለው የሰዋስው ቃል፤ ትውልዱና ጉዞው በአውሮፓ ቋንቋዎች

በማናቸውም የሥራ መስክ የሚነገሩ የሙያ ቃላት የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ሐኪሙም ሆነ መሐንዲሱ በየዕለቱ የሚጠቀምባቸው ቃላት ከየት እንደመጡ ሳይጠይቅ ሥራውን በሚገባ ሊያከናውን ይችላል። ቋንቋ ለሚያስተምር፣ መዝገበ ቃላት ለሚያዘጋጅና ጽሑፍ ለሚተረጉም ሰው ግን ነገሩ ይለያል። ለእርሱ የሙያ ቃል የሥራ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ራሱ ሠርቶ ለሌሎች የሚያቀብለው ዕቃም ነው። አዲስ የሙያ ቃል በአማርኛ ለማውጣት የተቀመጠ ባለሙያ ከሦስት መንገዶች አንዱን መምረጥ ይኖርበታል፤ ወይ የባዕዱን ቃል ከነድምፁ ይወስዳል፣ ወይ የቃሉን ሥር ይተረጉማል፣ አለበለዚያም ቃሉ የሚሰይመው ነገር የሚሠራውን ሥራ ተመልክቶ በገዛ ቋንቋው ስም ያወጣለታል። እነዚህ መንገዶች እያንዳንዳቸው የት እንደሚያደርሱ ለማየት፣ ሦስቱንም የተጓዘ አንድ ጥንታዊ ቃል መከተል ይጠቅማል። ይህ ቃል ግሪኮች «ፕቶሲስ»፣ ሮማውያን «ካሱስ»፣ ፈረንሳዮች «ካ»፣ እንግሊዞች «ኬዝ»፣ ሩሲያውያን «ፓዴዥ» የሚሉት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ የሚሰይመው ምንድን ነው?

በብዙ ቋንቋዎች አንድ ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ በሚኖረው ሙያ መሠረት መልኩን ይለውጣል። በላቲን «ወዳጅ» ማለት «አሚኩስ» ነው። ወዳጁ የድርጊቱ ባለቤት ሲሆን «አሚኩስ»፣ ድርጊቱ ሲያርፍበት «አሚኩም»፣ ንብረት የእርሱ ሲሆን «አሚኪ»፣ ነገር ሲሰጠው «አሚኮ»፣ ሲጠራ ደግሞ «አሚኬ» ይባላል። አማርኛ ይህንኑ ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ከስሙ በፊት ወይም በኋላ በሚጨመሩ ቅጥያዎች ነው፤ «ልጁ መጣ»፣ «ልጁን ጠራሁት»፣ «የልጁ ደብተር»፣ «ለልጁ ሰጠሁት» እንደምንለው ማለት ነው። እንግዲህ የስምን ሙያ የሚያሳየው ይህ የመልክ ለውጥ ነው በአውሮፓ ሰዋስው «ካሱስ» ተብሎ የሚጠራው። የቃሉ ጥሬ ትርጉም ግን ከሙያም ከመልክም ጋር የሚገናኝ አይመስልም። «ካሱስ» ማለት «መውደቅ» ወይም «ውድቀት» ነው። ስም ከየት ወደ የት ይወድቃል? ጥያቄው የዛሬ ተማሪ ብቻ ሳይሆን የጥንት ፈላስፎችም ጥያቄ ነበር።

የግሪኮች ክርክር

ቃሉን ለሰዋስው ጉዳይ ሲጠቀም በጽሑፍ የምናገኘው አርስቶትል (384–322 ከክርስቶስ ልደት በፊት) ነው። ይሁን እንጂ እርሱ ዘንድ የ«ፕቶሲስ» ግዛት ከዛሬው እጅግ የሰፋ ነበር። ስም ከመነሻ መልኩ ወጥቶ «የእገሌ» ወይም «ለእገሌ» ሲሆን ወደቀ ይላል፤ ግስም ከአሁን ጊዜ ወደ ኃላፊ ወይም ወደ ትንቢት ሲዛወር እንዲሁ ወደቀ ይላል፤ «ጻድቅ» ከሚለው ቃል «በጽድቅ» የሚለው ሲወጣ እንኳ አንድ ዓይነት መውደቅ ነው። ባጭሩ ለአርስቶትል መነሻው ቃል ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ከእርሱ ያፈነገጠ ሁሉ የወደቀ ነው።

ከእርሱ በኋላ የተነሡት የስቶይክ ፈላስፎች የቃሉን ግዛት አጠበቡት። ግሱን አስወጥተው «ፕቶሲስ»ን ለስምና ለስም ቤተ ሰቦች ብቻ ወሰኑት። ከመካከላቸው ስመ ጥር የሆነው ክሪሲፖስ «ስለ አምስቱ ውድቀቶች» የሚል መጽሐፍ መጻፉን የፈላስፎችን ታሪክ የጻፈው ዲዮጋን ላኤርትዮስ መዝግቦልናል። ስቶይኮች ግን አንድ አስቸጋሪ ነገር አደረጉ፤ ባለቤቱን የሚያመለክተውን መነሻ መልክም ከውድቀቶቹ አንዱ አድርገው ቆጠሩት፤ «ቀጥ ያለ ውድቀት» ብለውም ጠሩት። ሌሎቹን «ያዘነበሉ ውድቀቶች» አሏቸው።

የአርስቶትል ተከታዮች ይህን አልተቀበሉም። ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር እንዴት ወደቀ ይባላል? በ5ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው አሞንዮስ የክርክሩን ፍሬ ነገር አቆይቶልናል። ስቶይኮች የመለሱት ቃሉ በነፍስ ውስጥ ካለው ሐሳብ ይወድቃል በማለት ነው፤ ሐሳቡን ለመግለጽ ስንፈልግ ቃሉ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አፋችን ይወርዳል። ቀጥ ማለቱስ? ከላይ የተለቀቀ የመጻፊያ ብዕር አንዳንድ ጊዜ በጫፉ ተተክሎ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም፣ ይህም ወድቆ ቆሟል ተባለ። በኋላ ዘመን የተነሡ ሊቃውንት ደግሞ ምሳሌው ከገበጣ ጠጠር አወራወር የተወሰደ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገምተዋል፤ አንድ ጠጠር ተወርውሮ በተለያየ ገጽ እንደሚያርፍ ሁሉ አንድ ስምም በተለያየ መልክ ያርፋል ማለት ነው። የትኛውም ቢሆን ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቃሉ ገና በተወለደበት ቋንቋና በተወለደበት ዘመን ማብራሪያ የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። የሙያ ቃል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለተነገረ ብቻ ግልጽ ይሆናል የሚለው እምነት እዚሁ ላይ ይፈተናል።

የሮማውያን ትርጉምና የ«ከሳሹ» ታሪክ

ሮማውያን የግሪክን ሰዋስው ሲወርሱ ሁለተኛውን መንገድ መረጡ፤ ሥሩን ተረጎሙ። «ፕቶሲስ» የሚለው መውደቅ ከሚለው የግሪክ ግስ እንደወጣ አይተው፣ ከገዛ ግሳቸው «ካዴሬ» (መውደቅ) «ካሱስ»ን አወጡ። የየሙያዎቹንም ስም እንዲሁ አንድ በአንድ መለሱ። የሚሰይመው «ኖሚናቲቩስ»፣ የሚሰጠው «ዳቲቩስ»፣ የሚጠራው «ቮካቲቩስ» ሆነ። በእነዚህ ላይ ችግር አልገጠማቸውም። ችግሩ የመጣው በአራተኛው፣ እኛ «ተሳቢ» በምንለው ላይ ነበር።

ግሪኮች ይህን መልክ «አይቲያቲኬ» ይሉታል። ቃሉ የመጣው «አይቲያ» ከሚለው ሲሆን፣ «አይቲያ» በግሪክ ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ «ምክንያት»፣ ሁለተኛው «ክስ» ወይም «በደል» ነው። ሮማዊው ሊቅ ቫሮ (116–27 ከክርስቶስ ልደት በፊት) ስለ ላቲን ቋንቋ በጻፈው መጽሐፍ ይህን መልክ በ«መክሰስ» ስም ጠራው፤ ከዚያ «አኩዛቲቩስ»፣ ማለት «የመክሰስ» የተባለው ስም ጸና። እነሆ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዳቦ የበላ፣ ውሃ የጠጣ፣ ቤት የሠራ ሁሉ ዳቦውን፣ ውሃውንና ቤቱን በሰዋስው ፊት ከሳሽ ሆኖ ቀረ።

ግሪኮች ለማለት የፈለጉት ሌላ እንደነበር በርካታ ሊቃውንት ያምናሉ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀርመናዊው ፈላስፋ ትሬንዴለንቡርግ ስሙን «ምክንያት ካለው ነገር የተገኘ ውጤት» ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር አያይዞ አስረዳ፤ ቤት የሠሪ ውጤት እንደሆነ ሁሉ፣ ይህ መልክ ድርጊቱ ያስገኘውን ወይም የነካውን ነገር ያሳያል ማለት ነው። ሮማውያን የሰሙት ክስ ጥንቱንም በቃሉ ውስጥ ነበር የሚሉ ሊቃውንትም አልጠፉም። ዳሩ ግን ሮማውያን ራሳቸው ነገሩ የከነከናቸው ይመስላል። በ500 ዓ.ም. ገደማ በቁስጥንጥንያ ላቲን ያስተምር የነበረው ፕሪስኪያኖስ፣ መካከለኛውን ዘመን በሙሉ የገዛውን የሰዋስው መጽሐፉን ሲጽፍ «አኩዛቲቩስ ወይም ካውዛቲቩስ» ብሎ ሁለት ስም አስቀመጠ፤ ሁለተኛው ምክንያትን ይጠቅሳል። ይሁን እንጂ ስሙ አስቀድሞ በትምህርት ቤት ጸንቶ ነበርና ማረሚያው አልተከተለም። የሚገርመው «አኩዛሬ» የሚለው የላቲን ግስ ራሱ «ካውዛ»ን፣ ማለት ምክንያትንና የፍርድ ጉዳይን፣ በሆዱ መያዙ ነው።

በግሪክ አቻ የሌለውን የላቲን ስድስተኛ መልክ ግን የሚተረጎም ቃል አልነበረውምና ራሳቸው መሰየም ነበረባቸው። ቫሮ «ስድስተኛው» ወይም «የላቲን ውድቀት» ይለዋል። በኋላ የመለየትና የመውሰድ ሥራውን አይተው «አብላቲቩስ» አሉት። በዚህ አንድ ስፍራ ሦስተኛውን መንገድ ተከተሉ፤ ሥራውን አይተው ሰየሙ።

ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ

የላቲን ስሞች በመላው አውሮፓ ሲዳረሱ ሕዝቦች በየፊናቸው ልዩ ልዩ ምርጫ አደረጉ። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ በአብዛኛው ድምፁን ወሰዱ። ይህ «ኬዝ» በሐኪም ቤትና በፍርድ ቤት ከሚሰማው «ኬዝ» ጋር አንድ ቃል ነው፤ «የወደቀ ነገር»፣ «የደረሰ ነገር»፣ «የገጠመ ጉዳይ» እየተባለ ተስፋፋ። ዕቃ የሚከተትበት «ኬዝ» ግን ከሌላ የላቲን ቃል የመጣ ነው። ነገር ግን እንግሊዞች ሁልጊዜ ድምፅ ብቻ አልወሰዱም። በ1000 ዓ.ም. አካባቢ መነኩሴው ኤልፍሪክ የላቲንን ሰዋስው በጥንታዊ እንግሊዝኛ ሲጽፍ እያንዳንዱን ስም በአገሩ ቃል ፈታ፤ አራተኛውንም «የሚከስ» ብሎ ተረጎመው። በጀርመንም በ17ኛው ምዕተ ዓመት ቋንቋቸውን ከባዕድ ቃላት ለማጥራት ከተነሡት አንዱ የሆነው ሾቴልዩስ ይህንኑ መልክ ክስንና ስሞታን በሚገልጽ የጀርመን ቃል ጠራው። የቃሉ ልብስ ንጹሕ ጀርመንኛ ሆነ፤ በውስጡ ያለው ግን ያው የሮማውያን ክስ ነበር። ቋንቋን ከባዕድ ቃል ማጥራት ከባዕድ ስሕተት ማጥራት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

በስላቭ አገሮች ታሪኩ ሌላ ገጽ አለው። እነርሱ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በቀጥታ ከግሪክ የተረጎሙ እንደመሆናቸው፣ የሰዋስውን ስሞች ከምንጩ ቀዱ። «ፓዴዥ» ከመውደቅ የወጣ ነው፤ የከብት እልቂትን የሚሰይመው የሩሲያ ቃልም የእርሱ ወንድም ነው። «አይቲያቲኬ»ን የተረጎሙት «ቪና» ከሚለው ሥር ነው። በጥንታዊው የስላቭ ቋንቋ «ቪና» እንደ ግሪኩ «አይቲያ» ምክንያትንም በደልንም ይገልጽ ስለነበር ትርጉሙ ሚዛኑን የጠበቀ ነበር። ዘመን ሲያልፍ ግን በሩሲያኛ «ቪና» በደል ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ የሩሲያ ልጅ «ቪኒቴልኒ» የሚለውን ስም ሲሰማ የሚያስታውሰው ጥፋተኝነትን ነው። ተርጓሚው አልተሳሳተም፤ ቃሉ ግን ከእጁ ከወጣ በኋላ ሄደ። እንዲሁም የግሪክ ሰዋስው የማያውቃቸውን የስላቭ መልኮች በራሳቸው መሰየም ነበረባቸው። ሜሌቲ ስሞትሪትስኪ በ1619 ባሳተመው ሰዋስው መሣሪያን የሚያሳየውን መልክ ከ«መሥራት» ቃል በወጣ ስም ጠራው። ቦታንና ነገረ ጉዳይን ለሚያመለክተው ያወጣውን ስም ግን ሎሞኖሶቭ በ1757 በታተመው የሩሲያ ሰዋስው ለወጠው፤ ይህ መልክ ያለ መስተዋድድ እንደማይነገር አይቶ «የመስተዋድድ» አለው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የስሞትሪትስኪ መጽሐፍ በ1648 በሞስኮ እንደገና ታትሞ ለትውልድ መማሪያ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ስሞች ሳይናወጡ ኖረዋል።

ሦስተኛውን መንገድ አጥብቀው የያዙም አሉ። አይስላንዶች አጠቃላዩን ስም «ውድቀት» ብለው ቢተረጉሙትም ለየመልኩ የሰጡት ስም የሥራው ነው፤ አራተኛውን «የሚችል» ማለት ድርጊቱን የሚሸከም ይሉታል። ፖላንዶችም ለዚሁ መልክ ተቀባይነትን የሚገልጽ ስም፣ ለሦስተኛው ደግሞ «ዒላማ» ከሚለው ቃል የወጣ ስም አላቸው። ሀንጋሪዎች የዓረፍተ ነገሩ «ጉዳይ የሚያርፍበት» ብለው ይጠሩታል። ጀርመኖች ከላቲኑ ስም ጎን ለጎን ለሕፃናት ትምህርት «የማን»፣ «ለማን»፣ «ማንን» የሚሉትን መጠይቆች ስም አድርገው ይጠቀማሉ። ቼኮች ደግሞ «መውደቅ»ን ይዘው ከክርክሩ ሁሉ በመውጣት በትምህርት ቤት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ እስከ ሰባት ይቆጥራሉ። መውደቅን ራሱን የተዉም አሉ። በሊቱዌንያና በላትቪያ ቃሉ የ«መታጠፍ»፣ በኤስቶንያ የ«መዞር» ሲሆን፣ አሥራ አምስት ያህል መልኮች የሚቆጠሩለት ፊንላንድኛ «ቦታ» ከሚለው ቃል ሰይሞታል። ቃሉ በተወለደበት በግሪክ አገር ግን የዛሬው ተማሪም መውደቅንና «አይቲያቲኬ»ን ይማራል፤ ሰጪው መልክ ከሕያው ቋንቋው ጠፍቶ ሳለ ስሞቹ አሉ።

ስሙ ነገሩን ይዞ ሲመጣ

እስካሁን ያየነው የስም እንግዳነት ብዙም ጉዳት አላደረሰም። አራተኛውን መልክ ከሳሽ ያሉትም፣ ቻይ ያሉትም፣ በቁጥር የጠሩትም ቋንቋቸውን በትክክል ጽፈዋል። የሙያ ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ከሥሩ ሳይሆን ባለሙያዎች ከሰጡት ሥራ ስለሆነ ነው። እውነተኛው አደጋ የሚመጣው ስሙ ራሱ የሚሰየመውን ነገር ፍለጋ ሲያስወጣ ነው።

ለዚህ የእንግሊዝኛ ታሪክ ይበቃል። ጥንታዊ እንግሊዝኛ የስም መልኮች የነበሩት ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን አብዛኞቹን አጣ። በ1586 የታተመውና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ሰዋስው የሚባለው የቡሎካር መጽሐፍ ግን የተሠራው በላቲን ሰዋስው መልክ ነበር። ሰዋስው ማለት የላቲን ሰዋስው ከሆነ፣ የላቲን ክፍሎች በእንግሊዝኛም መገኘት አለባቸው ተባለ። ስለዚህ መልኩን ፈጽሞ ያልለወጠ አንድ ስም በተለያየ ማዕረግ እየተደጋገመ ይሰለፍ ጀመር። የሒሳብ ሊቁ ጆን ዋሊስ በ1653 ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው በላቲን በጻፈው መጽሐፍ ይህን ተቃወመ፤ ቀዳሚዎቹ እንግሊዝኛን ከመጠን በላይ በላቲን ሚዛን መዝነው፣ ቋንቋው የማያውቃቸውን ውድቀቶችና ርባታዎች ያለ ጥቅም እንደጫኑበት ገለጸ። እንዲህም ሆኖ ልማዱ ከእርሱ በኋላ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ረጅም ዕድሜ ኖረ።

ግዕዝና አማርኛ በዚህ ጎዳና

ቃሉ ወደ እኛ ቋንቋዎች የደረሰው በአውሮፓውያን መጻሕፍት ነው። ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተወዳጅቶ ካጠና በኋላ የግዕዝን ሰዋስው በ1661፣ የአማርኛን በ1698 በላቲን አሳተመ። ኦገስት ዲልማንም ታላቁን የግዕዝ ሰዋስው በ1857 በጀርመንኛ አወጣ። በእነዚህ መጻሕፍት ቋንቋ «ሐነጸ ቤተ» ስንል «ቤት» ወደ «ቤተ» የሚለወጠው መልክ «አኩዛቲቩስ» ነው፤ የአማርኛው «ን»ም በውጭ ቋንቋ በሚጻፉ ጥናቶች በዚሁ ስም ይጠራል።

የአገራችን ሊቃውንት ግን ከዚህ ተለይቶ የበቀለ የራሳቸው የስም አወጣጥ አላቸው። «ሰዋስው» የሚለው ቃል መሰላል ማለት ሲሆን፣ የግብፅ ክርስቲያኖች በዓረብኛ ለቅብጥ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ከሰጡት ስም ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ እኛም ከትርጉም መንገድ ውጭ አልነበርንም። የስምን ሙያ ሲሰይሙ ግን «ባለቤት»፣ «ተሳቢ»፣ «ዘርፍ» አሉ። በዚህ ምሳሌ ግሱ ሳቢ ነው፤ ስሙን ወደ ራሱ ይስበዋል። በመካከሉ ክስም ውድቀትም የለም። የ«ተሳቢ» ብልጫ በ«ሐነጸ ቤተ» እና በ«ቤተ ክርስቲያን» ላይ ይታያል። በሁለቱም ላይ መልኩ «ቤተ» ነው፤ ሙያው ግን የተለያየ ነው። በመጀመሪያው ቤት ተሳቢ ነው፤ በሁለተኛው ዘርፍ የተከተለው ነው። መልክን ብቻ የሚከተል ስም የማይለየውን ሙያን የሚከተል ስም ለየው።

ይህ ማለት «ተሳቢ» ሁሉን ይገልጣል ማለት አይደለም። «ውሃ ጠጣ» ስንል ውሃው ተሳቢ ነው፤ «ን» ግን የለበትም፤ «ውሃውን ጠጣ» ስንል ይመጣል። «ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ» ስንል ደግሞ «ን» አለ፤ ሌሊቱን የሳበው ግስ ግን የለም፤ ጊዜን ብቻ ይለካል። ላቲንም የጊዜን ርዝመት የሚናገረው በዚሁ በአራተኛው መልክ ነው። «ራሱን አመመው» በሚለው ውስጥ ያመመው ራሱ ሆኖ ሳለ «ን» ይዟል። ስለዚህ «ን» ሁሉ ተሳቢ፣ ተሳቢ ሁሉ «ን» ነው ብሎ የሚያስተምር መጽሐፍ፣ ስሙ የአገር ቃል ቢሆንም፣ ከእነዚያ የእንግሊዝ መምህራን ስሕተት አያመልጥም። ስሙ ዕውቀት አይተካም። በሌላ በኩል «ተሳቢ» የጭነት መኪና ጎታችም የሚያስከትለው ተሽከርካሪ ስም ሆኖ ሳለ፣ በሰዋስው ክፍለ ጊዜ ማንም ተማሪ አይደናገርም፤ እንደ ሩሲያው የከብት እልቂት ሁሉ ሥራው ትርጉሙን ይጠብቀዋል።

ከዚህ ሁሉ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚተርፍ አንድ ምክር አለ። በዚህ ዘመን ከየትምህርቱ ዘርፍ ብዙ የሙያ ቃላት ወደ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች እየተመለሱ ነው። በሥራው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «የዚህ ባዕድ ቃል ሥር ምንድን ነው?» ከሆነ፣ የ«አይቲያ» ዕጣ ይደርሰናል፤ ሌሎች ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተሰናከሉበትን ድንጋይ በአማርኛ አስጊጠን እናስቀምጠዋለን። የመጀመሪያው ጥያቄ «ቃሉ የሚሰይመው ነገር ምን ይሠራል? በእኛስ ቋንቋ ያ ነገር አለ ወይ?» ሊሆን ይገባል። መልሱ በግልጽ ከተጻፈ በኋላ ድምፁን መውሰድም ሆነ ከአገር ቃል መሰየም ሁለቱም ይቻላል። ከተመረጠ በኋላ ደግሞ በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ አንድ ሆኖ መጽናት አለበት። ስሞትሪትስኪ ካወጣቸው ስሞች የቆሙት ከሁሉ ያማሩ ስለነበሩ አይደለም፤ መምህርና ተማሪ ትውልድ በትውልድ በአንድነት ስለተጠቀሙባቸው ነው።